ዓሣ የሌለበት ውሃ

ፋንታዬ በዚያ ጠዋት እንደ ሌላው ቀን ሁሉ ተነሥታ፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ከሁሉ በፊት ጋቢውን ከገንዳው ላይ ገፈፈች። ታኅሣሥ ነበር፤ ደባርቅ ሌሊቱን ውርጭ ጥሎበት አድሯል፤ በመስኮቱ ሥንጥቅ የሚገባው ነፋስ ጣት ያደነዝዛል። ጋቢው የባሏ የመምህር ሰጠኝ ነው። ሰጠኝ ከታሰረ ወዲህ ግን ማታ ማታ የሚለብሰው የመስታወቱ ገንዳ ነበር። አጥፋ አልጋው ራስጌ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ የማርማላታ ጣሳዋን አነሣች፤ ከገንዳው ውሃ ቀዳች፤ እጇን እስከ ግንባሯ ከፍ አድርጋ መልሳ አፈሰሰችው። ቀዳች፣ አፈሰሰች። ውሃ ዝም ብሎ ሲተኛ ይታፈናል፤ ከላይ ሲወርድ ግን አየር ይዞ ይገባል። ሰጠኝ እንዲህ ነበር ያላት። ክንዷ እስኪዝል ከሠራች በኋላ ከትንሿ ቆርቆሮ የደረቀ ዓሣ ዱቄት በሁለት ጣቷ ቆንጥራ ውሃው ላይ በተነች። የሚበላው ዓሣ አልነበረም። ገንዳው ውስጥ ጠጠር አለ፤ ከጠጠሩ በላይ ውሃ አለ፤ ሌላ በዓይን የሚታይ ነገር የለም።

ገንዳው የተቀመጠው ክፍሉ መሐል ባለው የምግብ ጠረጴዛ ላይ ነው። ርዝመቱ ክንድ ተኩል ቢሆን ነው። ብረቱን ጎንደር ያለ ብየዳ ቤት ሠራው፤ መስታወቱ የመስኮት መስታወት ነው፤ ዙሪያው በስቱኮ ተመርጓል። የሰጠኝ ታናሽ ወንድም ያርጋል ነው በሚነዳው የጭነት መኪና ላይ ጭድ ውስጥ ቀብሮ ያመጣው። ጠረጴዛው ስለ ተያዘ ባልና ሚስቱ ሳህናቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መብላት ለምደው ነበር። ሰጠኝ የባዮሎጂ አስተማሪ ነው፤ እሷ ጂኦግራፊ ታስተምራለች። ተማሪዎቹ ዓሣ የሚያውቁት ከመጽሐፍ ሥዕል፣ ወይም በጾም ወራት ደርቆ ከጎርጎራ ከሚመጣው ነበር። ሲተነፍስ ላሳያቸው ብሎ ተነሣ። የትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ወደ ውይይት ክበብነት ስለ ተለወጠ ገንዳውን ቤቱ ጀመረው። ፋንታዬ ውሃው ከተሞላ ዓሣውን ለምን ነገውኑ አናመጣም ስትለው ሳቀ። ዓሣ በገዛ ቆሻሻው ይመረዛል አላት። ከቆሻሻው አሞኒያ ይወጣል፤ አሞኒያውን የሚበሉ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት አሉ፤ እነሱ የሚተውት ደግሞ ሌላ መርዝ ነው፤ ያንን የሚበሉ ሌሎች አሉ። ወንዝ ውስጥ ሞልተዋል፤ አዲስ ገንዳ ውስጥ ግን አንድም የለም። ስለዚህ አስቀድሞ እነሱ ይጠራሉ። ጠጠሩ ላይ ይሰፍራሉ፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ምግብ እየበሰበሰላቸው ይበዛሉ። ዓሣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ጠጠሩን ከቡይት ራስ በታች ካለ አሮጌ ኩሬ አውጥቶ፣ እንዳይደርቅበት በእርጥብ ጆንያ ተሸክሞ ነበር ያመጣው። ፋንታዬ ያመጣው ዕለት ጭቃውን አይታ የፈላ ማንቆርቆሪያ አነሣች፤ ልታለቀልቀው ስትል ሰጠኝ ከበሩ ላይ ጮኸ። በትዳር ዘመናቸው የጮኸባት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «ትፈጃቸዋለሽ እኮ!» አለ። ከዚያ በራሱ ጩኸት አፍሮ ማንቆርቆሪያውን ከእጇ ተቀበለና ሻይ ቅጠል ጨመረበት። «ውሃው ቢጎድል ይሞላል» አላት ሻዩን እየቀዳላት። «ጠጠሩ ከተቀቀለ ግን ያለን ባዶ ድንጋይ ነው።» ዱቄቱንም ራሱ ወቅጦ ነው ቆርቆሮዋን የሞላት። ዱቄቱ ሲያልቅ ውሃው ይደርሳል፤ ያን ጊዜ እኔ ራሴ ጎርጎራ ወርጄ ጣት ጣት የሚያህሉ ቆሮሶ ዓሣዎች አመጣለሁ ብሎ ነበር።

ሰጠኝን የወሰዱት ከክፍል ነው። ለአጭር ጥያቄ ነው አሉ። ቤቱን ሲፈትሹ አንዱ አብዮት ጠባቂ ገንዳው ዘንድ ቆመና ዓሣው የት እንዳለ ጠየቃት። «ገና አልመጣም» አለችው። «ዓሣ ለሌለበት ውሃ ይሄ ሁሉ መስታወት?» ብሎ የጠመንጃውን አፈሙዝ ጠጠሩ ውስጥ ከትቶ አማሰለው። ያገኘው ነገር አልነበረም፤ ውሃው ግን ደፈረሰ፤ ለሳምንታትም ደመና እንደ ለበሰ ቀረ። ሰጠኝን ወደ ጎንደር አሻገሩት። ከዚያ ወዲህ ያርጋል ሊማሊሞን ወጥቶ ወደ ጎንደር ሲያልፍ፣ ሐሙስ ሐሙስ፣ ስንቁን ያደርሳል፤ ባዶውን ምሳ ዕቃና በበር ጠባቂዎቹ በኩል የደረሰውን ቃል ይዞ ይመለሳል። ቃሉ ሁልጊዜ አጭር ነው። ደህና ነኝ በላት። ውሃውን አደራ በላት። አንድ ጊዜ፣ ማታ ማታ ጋቢውን እንዳትረሺ በላት ብሎ ላከ። ፋንታዬ ገንዳውን ጋቢ እንደምታለብሰው ለማንም ተናግራ አታውቅም ነበርና እንዴት ገመተ ብላ ተደነቀች፤ ያን ሳምንት በሙሉ ልቧ ሞቆ ሰነበተ።

በዚያ ጠዋት የዱቄቱ ቆርቆሮ ሥር ታየ። ፋንታዬ የቀረውን በጣቷ ጠርጋ ውሃው ላይ አራገፈችና ጎንበስ ብላ አሸተተች። ያ አፍንጫ የሚያሳክከው የአሞኒያ ሽታ የለም። ውሃው ዝናብ የመታው ድንጋይ ይሸት ነበር። መስታወቱን ከውስጥ በኩል ስስ ቡናማ ነገር ሸፍኖታል፤ ሰጠኝ ይህን ስታዪ ደስ ይበልሽ ያላት ምልክት ነው። ደመናው ከቀን ወደ ቀን ሲሳሳ ቆይቶ ዛሬ ጨርሶ የለም። ማዶ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የሰጠኝ ኮት፣ ቁልፎቹ ሳይቀሩ፣ በውሃው ውስጥ አልፎ ታየ። «ደረሰ» አለች፤ ብቻዋን እየተናገረች መሆኗን ያወቀችው ድምፅዋን ስትሰማ ነው። ነገ ሐሙስ ነው። ያርጋል ማታ ስንቁን ሊወስድ ይመጣል። ውሃው ደርሷል በለው ትለዋለች። ያለበት ቦታ ምንም ቢሆን ሰጠኝ ይህን ሲሰማ ፊቱ እንዴት እንደሚሆን አየችው። ከታሰረ ወዲህ ልትልክለት የቻለችው መልካም ወሬ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ ለስንቁ ዘይት ልትገዛ ነሲባ ሱቅ ጎራ አለች። ነሲባ ጎረቤቷ ናት፤ ባሏ ሸሀቡ ከሁመራ ሰሊጥ ያመላልሳል፤ እሷ ሱቁን ይዛለች። ምላሷ ሰው አይምርም። ጠዋት ጠዋት «አስተማሪዋ፣ የማይታዩት ከብቶችሽ እንዴት አደሩ?» ትላለች። ፋንታዬም «ደህና አድረዋል፤ ወተቱ ግን ገና ነው» ትላለች። ዛሬ ነሲባ ስለ ከብቶቹ አልጠየቀችም። ዘይት ከከተማው ጠፍቶ ሰንብቶ ነበር፤ ሲገኝም ጠርሙሱ ላይ አንድ ብር ጨምሯል። ነሲባ ግን ከባንኮኒው ሥር አወጣችና ጠርሙሷን እስከ አፉ ሞላችላት፤ ሂሳቡን ስትሰጣት «ተይው፣ ሌላ ቀን» ብላ እጇን መለሰች። «ነሲባ፣ ደረሰ እኮ!» አለች ፋንታዬ። «ምኑ?» «ውሃው ነዋ። ከብቶቹ ረቡልኝ።» ነሲባ ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዞረች። ተደርድሮ የነበረውን ክብሪት እንደገና መደርደር ጀመረች። «አልሐምዱ ሊላህ» አለች ጀርባዋን እንደሰጠች። ፋንታዬ ሸሀቡ ደግሞ መንገድ ላይ አንድ ነገር ሆኖ ይሆናል ብላ አሰበች፤ ሁመራ በዚያ ዘመን ሰላም አልነበረም። ማታ ሄጄ እጠይቃታለሁ ብላ ወጣች።

ትምህርት ቤት አሥረኛ ክፍልን ስለ ተከዜ ወንዝ ታስተምር ነበር። የኋላው ወንበር ላይ የሚቀመጡት ልጆች ዛሬ አንዴም ዝም በሉ አልተባሉም። ካርታው ላይ ወንዙን በዱላ ስትከተል ዘወር ባለች ቁጥር ሁሉም ካርታውን ትተው እሷን ሲያዩ ታገኛቸዋለች፤ ወዲያው ደብተራቸው ላይ ያቀረቅራሉ። ብርዱ ነው አለች በልቧ። በዕረፍት ሰዓት ዳይሬክተሩ አቶ አሻግሬ ቢሮአቸው አስጠሯት። አቶ አሻግሬ ከለውጡ ወዲህ ከመንገድ ዳር ጠላ ሻጭ ጀምሮ ሁሉን ጓድ የሚሉ ሰው ናቸው። ዛሬ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ቆሙና «ወይዘሮ ፋንታዬ» አሏት። «የከሰዓት በኋላውን ክፍል ሌላ ሰው ይይዝልዎታል። ቤትዎ ይሂዱ።» «ለምን? ምን አጠፋሁ?» «ኧረ ምንም! ደክሞዎታል ብዬ ነው።» «አልደከመኝም እኮ፣ አቶ አሻግሬ።» «ይሂዱ ግድ የለም» አሉ። እስከ በሩ ሸኟት፤ ይህንንም አድርገውት አያውቁም። ፋንታዬ መንገዱን ሁሉ ከሥራ ሊያስወጧት ይሆን እያለች ሄደች። የታሰረ ሰው ሚስት እንዲህ ያለ ነገር ትጠብቃለች። ያም ቢሆን በዚያ ቀን ደስታዋን ጨርሶ አላጠፋባትም።

ቤቷ በር ላይ የያርጋል መኪና ቆሟል። ወንበሮቹ ታዛው ሥር ወጥተዋል፤ አልጋው ተፈትቶ ከአጥሩ ተደግፏል፤ ያርጋልና ሁለት የሰፈር ሰዎች ሣጥኑን ተሸክመው ሲወጡ ደረሰች። አማቷ ወይዘሮ አበባየሁ ግቢው ውስጥ ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። ሲያዩዋት ብድግ አሉ። «እንዴ! እንዲያው ደህና ነሽሳ!» ብለው ግንባሯን ዳሰሱ። «ታማለች፣ ድረሽላት ብሎ አይደል እንዴ ከዳባት እያጣደፈ ያመጣኝ! መንገዱን ሁሉ ስለት ስሳልልሽ ነው የመጣሁት።» ፋንታዬ ያርጋልን አየችው። «ትናንት አተኩሷት ነበር፤ ተሻላት» አለ ሣጥኑን እያስቀመጠ፣ ዓይኑን ሳያነሣ። ፋንታዬ ይህ እናቱን ከዳባት ለማስነሣት የተሠራ ውሸት መስሏት ፈገግ አለች፤ አማቷ እርሻውን ትተው ሌላ ቦታ ማደር አይወዱም። «ዕቃውንስ ምን ሆነህ አወጣኸው?» «ለገና ቤቱን ኖራ ልቀባላችሁ ብዬ ነው፣ እታለም።» በሩ አጠገብ አንድ ጆንያ ኖራ ተቀምጧል። ደግ ነገር ነው አለች በልቧ። ስለ ውሃው አሁኑኑ ልትነግረው አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ሰዎቹ እስኪሄዱ ብላ ተወችው።

ክፍሉ ውስጥ የቀረው ጠረጴዛውና ገንዳው ብቻ ነበር። ባዶ ቤት ውስጥ ሲታይ ገንዳው ትልቅ መሰለ። ወይዘሮ አበባየሁ ተከትለዋት ገብተው ዙሪያውን ዞሩት። «የልጄ ባሕር ይሄ ነው? ዓሣው የታለ?» «ገና ነው፣ እማማ።» «ታዲያ በየቀኑ ምኑን ነው የምትቀልቢው?» «ውሃውን።» አማቷ ሳቁ። «እንዲህ ያለ ቀለብተኛ አይቼ አላውቅም። በልቶ እንኳ ተመስገን አይል!» ፋንታዬም ሳቀች። ያርጋል ግን በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «እሱም ይወጣል» አለ። «እሱስ አይነሣም። ከነውሃው ከነካችሁት ይሰነጠቃል። ዙሪያውን ቀቡ፤ እኔ በሸራ እሸፍነዋለሁ።» «መውጣት አለበት፣ እታለም።» «አይወጣም አልኩህ፣ ያርጋል! ስንት ቀን የጠበቅኩትን።» ያርጋል ወደ ውጭ ዞር ብሎ ሰዎቹን አየ፤ ከዚያ እናቱን አየ። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«እሱ ራሱ ነው ያለው» አለ።

«ምን አለ?»

«ድፉት አለ። ያለፈው ሐሙስ ነው የላከብኝ፤ ሳልነግርሽ ረስቼው ነው። ውሃውን ድፉትና ጠጠሩን በፈላ ውሃ አጥባችሁ፣ ንጹሕ አድርጋችሁ አስቀምጡልኝ፤ ስመጣ እንደ አዲስ እሞላዋለሁ አለ።»

ፋንታዬ የያርጋልን አፍ አየችው። አፉ መናገሩን ጨርሶ ተዘግቷል፤ እሷ ግን ገና ቃሉን እየሰማች ነበር። ጠጠሩን በፈላ ውሃ። ዓይኗ በራሱ ወደ ኖራው ጆንያ ሄደ። አፉ እንደተሰፋ ነው፤ መቀቢያ ብሩሽ የለም፤ ማበጥበጫ በርሜል የለም። ሰጠኝ ከታሰረበት ብዙ ነገር ሊልክ ይችላል። ቢያመው፣ ተስፋ ቢቆርጥ፣ ቢያስፈራሩት፣ ገንዳውን ስጡት ሊል ይችላል፤ ስበሩት ሊል ይችላል። ጠጠሩን በፈላ ውሃ እጠቡት አይልም። ይህ ቃል ከሰጠኝ አልወጣም። ይህ ካልወጣ፣ ያለፈው ሳምንትስ? ከዚያ በፊት የነበረውስ? ደህና ነኝ በላት። ጋቢውን እንዳትረሺ በላት። ያርጋል ረቡዕ ማታ ስንቁን ለመውሰድ ሲመጣ ጋቢው ገንዳው ላይ ተዘርግቶ ያያል። ሰጠኝ ልኮታል የተባለው ሁሉ ያርጋል እዚሁ ቤት ውስጥ በዓይኑ ያየው ነገር ነበር። ከዚያ ነሲባ ጀርባዋን ሰጥታ ክብሪት ስትደረድር አየቻት። ካርታውን ትተው እሷን የሚያዩትን ልጆች አየቻቸው። አቶ አሻግሬ ከወንበራቸው ሲነሡ አየቻቸው። ባዶው ቤት፣ ወለሉ፣ ዙሪያውን ሰው የሚቀመጥበት ግድግዳ። ከተማው ሁሉ ያውቃል። የማያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አንዷ እሷ ነበረች። ሁለተኛዋ ገንዳው አጠገብ ቆመው ልጃቸው የላከውን ቃል በሰሙበት ፊት፣ በፈገግታ፣ ያርጋልን እያዩ ነው።

«በይ እንግዲህ» አሉ ወይዘሮ አበባየሁ። «ባለቤቱ ካለ ምን ታደርጊያለሽ?»

«እሺ» አለች ፋንታዬ። ድምፅዋ እንደ ወትሮው ሆኖ ነው የወጣው። ያስደነገጣትም ይህ ነበር።

ውሃውን በባልዲ እየቀዱ ከአጥሩ ሥር ካለው ጌሾ ላይ ደፉት። የሰፈሩ ሰዎች ሄደዋል። አማቷ ጓዳ ገብተው እሳት ሲያያይዙ የጭራሮው ድምፅ ይሰማል። ሁለተኛውን ባልዲ ደፍታ ቀና ስትል ያርጋል አጠገቧ ነበር።

«መቼ ነው?» አለችው።

ያርጋል ባልዲውን አስቀመጠ። «እታለም…»

«ቀስ ብለህ ተናገር። እማማ ይሰማሉ።»

«የኅዳር ሚካኤል ሰሞን።»

ፋንታዬ መሬቱን አየች። ጌሾው ሥር ውሃው እየሰረገ አረፋ ትቶ ሄደ። ከኅዳር ሚካኤል ወዲህ ስንት ጊዜ ሽንኩርት እንደከተፈች አታውቅም። «ስንቁን ማን ይበላው ነበር?» «አብረውት ለታሰሩት እሰጥ ነበር።» «ውሃውን አደራ ያለውስ?» «እሱ የራሱ ነው! እግዜርን! የመጀመሪያው ከራሱ አፍ ነው፤ በበሩ ቀዳዳ አይቼዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ያለው ነው… ምን ብዬ ባዶ አፌን ልምጣ? ለቅሶ እንዳንቀመጥ ከለከሉን። ቀበሌውን ስንለምን ከረምን፤ ትናንት ነው ለአንድ ቀን፣ ጩኸት ሳይበዛ ያሉን። ሽማግሌዎቹ ነገ ጎሕ ሲቀድ መጥተው አንቺንም እማማንም አንድ ላይ ሊያረዱ ነው። ለቀስተኛ ራሱን ይጥላል፣ መስታወት ላይ ይወድቃል፣ አስወጣው አሉኝ። እምቢ ስትይ የሱን ቃል ካልሆነ የማንንም የምትሰሚ አልመሰለኝም።» «የፈላ ውሃውንስ ማን አለህ?» ያርጋል ግራ ተጋባ። «ንጹሕ ይሁን ብዬ ነዋ። እማማ የወተት ዕቃ ስታጥብ እንደዚያ አይደል የምታደርገው?» ፊቷን አይቶ ቆም አለ። «ምነው? ጥፋት ነው?» ፋንታዬ ባልዲውን አነሣች። «እማማ እስከ ነገ አይወቁ» አለች። «አንድ ሌሊት ይተኙ።»

ሲገቡ ወይዘሮ አበባየሁ ጠጠሩን በሁለት እጃቸው እያፈሱ ሳፋ ውስጥ ከተውት ነበር። ክንዳቸው እስከ ክርኑ እርጥብ ነው። ማንቆርቆሪያው ምድጃው ላይ ያፏጫል። «ልጄ ያለውን እኔ በእጄ ነው የምሠራው» አሉና በነጠላቸው ጫፍ እጀታውን ይዘው አነሡት። ፋንታዬ አፏ ተከፈተ። የሰጠኝ ጩኸት እንዳለ ጉሮሮዋ ውስጥ ነበር፤ ያን ጊዜ እሱ የቆመው እዚሁ በር ላይ ነበር፤ አሁን እሷ ቆማበታለች። ብትጮህ አማቷ ምነው ይላሉ። ምነው ካሉ የልጃቸው ቃል ውሸት ነው ማለት ነው። ውሸት ከሆነ የሚቀጥለውን ጥያቄ አንዲት እናት ለመጠየቅ ጊዜ አይፈጅባትም። ውሃው ከማንቆርቆሪያው አፍ ወጥቶ ጠጠሩ ላይ ወረደ። እንፋሎቱ ወደ ጣራው ተነሣ፤ አንድ አፍታ ክፍሉ ዝናብ የመታው ድንጋይ ሸተተ፤ ከዚያ የተቀቀለ ጭቃ ሸተተ።

«ይጠንቀቁ እማማ» አለች ፋንታዬ። «እጅዎን እንዳያቃጥልዎት።»

«አንድ ጊዜ ይበቃል ብለሽ ነው?»

«ይበቃል።»

«ልድገመው ግድ የለም። እሱ ከሕፃንነቱ ንጽሕና ይወዳል።» ደገሙት። ጠጠሩን በእንጨት ማማሰያ አገላብጠው፣ ሥሩ ያለውም እንዳይቀር አድርገው፣ ደገሙት። ሲጨርሱ ጠጠሩ ነጥቶ፣ አብረቅርቆ፣ እንደ ታጠበ ሽምብራ ሆኖ ነበር። «አየሽ? አሁን ያምራል» አሉ። ያርጋል ወጥቶ መኪናው ጎማ ላይ ተቀመጠ።

ነገ ሐሙስ ነው፤ አማቷም ይህን ያውቃሉ። «ስንቁስ? አትሠሪም እንዴ?» አሉ ፀሐይ ሳትጠልቅ። ፋንታዬ ነሲባ በሞላችላት ዘይት ወጥ ሠራች። ሽንኩርቱን ከተፈች፤ ሹሮውን ነሰነሰች፤ ጨው ቀመሰች። ምሳ ዕቃውን አጥባ፣ አድርቃ፣ ሞላች። አማቷ ከዳባት ይዘውት የመጡትን ሱፍ ቆሎ በጨርቅ ቋጥረው ከላይ አስቀመጡ፤ «ይሄን ሲያይ እኔ መሆኔን ያውቃል» አሉ። ያርጋል ዕቃውን ሊወስድ ሲገባ እግሩ የሚጎተት ይመስል ነበር። እናቱ እጁን ይዘው መልእክታቸውን ሰጡት። «ለገና ይፈታሉ የሚሉ አሉ። ከፈቱህ መጀመሪያ እኔ ዘንድ ና በለው፤ ሚስቱ አትቀየመኝም። ሙክቱን አስሬለታለሁ በለው። ደግሞ ባሕርህን አጥቤልሃለሁ በለው፤ ይስቃል።» «እሺ» አለ ያርጋል። «እሺ እላለሁ።» ወይዘሮ አበባየሁ ወደ ፋንታዬ ዞሩ። «አንቺስ? ምንም የምትልኪው የለሽም?»

ፋንታዬ የምሳ ዕቃውን ክዳን እያጠበቀች ነበር። ጠዋት የያዘችው ቃል እንዳለ አፏ ላይ መጣ፤ ደርሷል በለው።

«የለኝም» አለች።

ያን ምሽት፣ ጠረጴዛውና ገንዳውም ከወጡ በኋላ፣ ሁለቱ ሴቶች ባዶው ክፍል ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተኙ። አማቷ በርዷቸዋል። ፋንታዬ ጋቢውን ሰጠቻቸው። ጠርዙን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው «ልጄን ልጄን ይላል» አሉ፤ ወዲያውም እንቅልፍ ወሰዳቸው። እሷ ትንፋሻቸውን እያዳመጠች ጋደም አለች። ሌላ የሚጠበቅባት ነገር አልነበረም።

ጎሕ ሲቀድ፣ መስኮቱ ገና ግራጫ ሳለ፣ ተነሣች። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች። የማርማላታ ጣሳዋን ከመስኮቱ ደፍ አንሥታ ወደ ክፍሉ መሐል ሄደች። ከውጭ፣ ከአጥሩ በኩል፣ ቀስ ብለው የሚራመዱ የብዙ ሰዎች እግሮች ይሰሙ ነበር። በሩ ተንኳኳ። ጣሳው እጇ ውስጥ ነበር። ጠረጴዛው የለም። ገንዳው የለም። የሚቀዳ ውሃ የለም።